በማሳውና በገደሉ መካከል



ስለ ዱር እንስሳት ለመናገር እነዋሪ ድረስ መምጣቴን የሰማ ሰው «ታዲያ እኛ ጋ ምን አውሬ አለ?» ቢል አይፈረድበትም። እነዋሪ ያለችበት ጅሩ የእህል አገር ነው። ከከተማው ወጣ ሲባል ዓይን የሚያርፈው በስንዴ፣ በጤፍ፣ በባቄላና በምስር ላይ ነው። ዛፍ የሚታየው በየቤቱ ጓሮ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያና ባሕር ዛፍ በተተከለበት ቦታ ብቻ ነው። ይሁንና ሜዳው ያልቃል። ወደ ጀማ ወንዝ በቀረባችሁ ቁጥር ለጥ ያለው መሬት በድንገት ይቆረጥና ገደሉ ይከፈታል። ከማሳው ጫፍ እስከ ገደሉ አፋፍ ደግሞ አንዳንድ ቦታ ሰፋ ያለ፣ አንዳንድ ቦታ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስኬድ የሣር መሬት አለ። ዛሬ በዋነኛነት የምናገረው ስለዚህ መሬት ነው።

አንድ አገር ሲታረስ፣ ሲመነጠርና ሲገነባ፣ ስለ አውሬውና ስለ አዕዋፉ የምንጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ «ስንት ሄክታር ቀረ?» ብለን ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ግን አይበቃም። የቀረው የት ቦታ ቀረ? ምን ዓይነት ቅርጽ ይዞ ቀረ? ከምን ጋር ተገናኝቶ፣ ከምንስ ተነጥሎ ቀረ? እንስሳት የሚኖሩትም የሚጠፉትም በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ጭምር ነው። ይህን ለማየት ደግሞ ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። አፋፋችን ላይ ያለው ጭላዳ ይበቃል።

ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር የትም አይገኝም። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሁሉ ዋና ቀለቡ ሣር የሆነው እሱ ብቻ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ከገደሉ ይወጣል፣ አፋፉ ላይ ቁጭ ይላል፣ ከዚያም በመቀመጫው እየተንፏቀቀ በሁለት እጁ ሣሩን ይነጫል። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ እንደ ወረንጦ ናቸው፤ እየለየ ይነቅላል፣ መዳፉ ሲሞላ ወደ አፉ ይልካል። በበጋ ሣሩ ሲደርቅ መሬቱን እየቆፈረ ሥሩን ያወጣል። ሲመሽ ነብርና ጅብ እንዳያገኙት ተመልሶ ገደሉ ላይ ያድራል። የሕይወቱ ሥርዓት ይህ ስለሆነ ከገደሉ ብዙ አይርቅም፤ ከአፋፉ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ መራቁ እምብዛም ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር እናስብ። ከሜዳው መሀል ሰፊ ግጦሽ ቢቀር ለጭላዳው አይደርስለትም፤ ከገደሉ ርቆ አይሄድም። ጠባብም ቢሆን ገደሉን ተከትሎ የቀረ ሣር ግን ቀለቡ ነው። ሁለቱ መሬቶች በስፋት እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለእሱ ግን አንዱ አለ፣ አንዱ የለም። አፋፉ እስከ መጨረሻው ከታረሰ ደግሞ ጠዋት ከገደሉ ብቅ ሲል መጀመሪያ የሚያገኘው የሰው ገብስና ስንዴ ነው። ጭላዳው ከጥንት ጀምሮ ያደርገው የነበረውን ነው የሚያደርገው፤ ከፊቱ ያለው ነገር ነው የተለወጠው። ገበሬው በበኩሉ የልፋቱ ፍሬ ሲነቀል እያየ ዝም ሊል አይችልም። ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው ሰብል ይጠብቃሉ፣ ወንጭፍ ይወረወራል፣ ውሻ ይለቀቃል። ይህን ጠብ የፈጠረው አንድ የሣር መስመር መጥፋቱ ነው።

መሬቱ እንዲህ የሆነው ማንም ክፉ ሰው ስለኖረ አይደለም። የጅሩን የመረሬ አፈር ታሪክ የሚያውቅ ይህን ይረዳል። መረሬ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ሲገባ ያብጥና ውሃው ይተኛበታል። ውሃ የተኛበት ማሳ ስንዴ አያበቅልም። ስለዚህ በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢ መረሬ መሬት ክረምቱን ለከብት ይተውና ዝናቡ ሲያባራ፣ አፈሩ በያዘው እርጥበት፣ ጓያ ወይም ሽምብራ ይዘራበታል። የእነዋሪ ገበሬ ግን ከብዙዎች ተለይቶ የራሱን መፍትሔ አገኘ፤ ቤተሰቡ ተሰልፎ በእጁ ሰፊ መደብ እያወጣ፣ በመሀሉ ቦይ እየተወ፣ ውሃውን አስወጣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኢልካ ይባል የነበረው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የቁም እንስሳት ማዕከል ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር ስለ መረሬ አፈር ሲያጠና እነዋሪን ከጥናት ቦታዎቹ አንዷ አድርጓታል። ሁለት የአገር ማረሻ አጣምሮ በበሬ የሚጎተት የመደብ ማውጫ መሣሪያ የተሠራው ያን ጊዜ ነው። እዚህ አገር በእጅ ይሠራ የነበረው ጥበብ በመሣሪያ ታግዞ ወደ ሌሎች የመረሬ አገሮች ሄደ። ይህ የሚያኮራ ታሪክ ነው፤ የብዙ ሰው እንጀራና ዳቦ የመጣው ከእሱ ነው።

ነገር ግን ውሃው ከማሳው ሲወጣ የት ሄደ? ክረምቱን ሙሉ ረግቶ የሚቆየው ውሃ ረግረጋማ ሣር ያበቅል ነበር። ክንፏ ላይ ሰማያዊ ቀለም ያላት፣ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማትገኝ አንዲት ዝዬ አለች፤ የምትኖረው በእንዲህ ያለ እርጥብ ሣርና በጅረት ዳር ነው። ከአንገቷ ሥር ቆዳ የተንጠለጠለባት፣ መንቁሯ ወደ ታች የጎበጠ፣ በመንጋ እየጮኸች የምትበር ትልቋ የደጋ ወፍም ትሏን የምትለቅመው ከእርጥብ ሣር ውስጥ ነው። ሜዳው በሙሉ በቦይ ሲጠነፈፍ እነዚህ ወፎች የሚያርፉበት ቦታ እየጠፋ ነው። ውሃው ደግሞ ከቦይ ወደ ቦይ ተሰብስቦ ጉልበት አግኝቶ አፋፉ ላይ ይደርሳል። መረሬ አፈር እንዲህ ያለ ውሃ ሲያገኘው ቦረቦር ይሆናል። ቦረቦሩ ከገደሉ ጀምሮ ወደ ሜዳው እየበላ ይመጣል፤ መጀመሪያ የሚወስደው ያንኑ የአፋፍ ሣር፣ ቀጥሎ ማሳውን ነው። ማሳ ውስጥ የተደረገ ለውጥ ከማሳው ርቆ፣ ማንም ያላሰበው ቦታ ላይ ውጤቱ ይታያል።

አሁን የቀረው መሬት ቅርጽ ምን ያህል እንደሚለውጥ ለማየት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 100 ሄክታር የሆነ፣ አራት ጎኑ እኩል የሆነ ደን አለ እንበል። በጥማድ ከቆጠርነው ወደ 400 ጥማድ ነው። አንድ ጎኑ 1 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ዙሪያው 4 ኪሎ ሜትር ነው። ይህንኑ ደን አንድ ዛፍ ሳንቀንስ በአንድ አንድ ሄክታር ከፋፍለን መቶ ቦታ ብንበትነው የዙሪያው ድምር 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የደኑ ጠርዝ ከመሀሉ ይለያል፤ ነፋስ ይገባዋል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ከብት ይረግጠዋል። ይህ ጉዳት 50 ሜትር ወደ ውስጥ ይዘልቃል ብለን ብንነሣ፣ ትልቁ ደን 81 ሄክታር ያልተነካ መሀል ይተርፈዋል። ባለ አንድ ሄክታሮቹ ግን ከየጎኑ 50 ሜትር ሲገባባቸው መሀል የሚባል ነገር አይኖራቸውም። መቶውም ጠርዝ ብቻ ናቸው። ስፋታቸው ሲደመር ግን ያው 100 ሄክታር ነው።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሐሳብ አይደለም። ሮበርት ማካርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ በባሕር መሀል ያሉ ደሴቶች ስንት ዓይነት ፍጥረት እንደሚይዙ የሚወስኑት ስፋታቸውና ከዋናው መሬት ያላቸው ርቀት መሆናቸውን አስረዱ። ትንሽና ሩቅ ደሴት ጥቂት ዓይነት ይይዛል፤ የጠፋበትንም የሚተካለት አያገኝም። እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ደግሞ ቶማስ ላቭጆይ በብራዚል ማናውስ ከተማ አቅራቢያ ደኑ ለከብት እርባታ ሲመነጠር 1፣ 10 እና 100 ሄክታር የሆኑ ቁራጮች እንዲተዉ አድርጎ በየዓመቱ ምን እንደሚሆን ተከታተለ። የጉንዳን ሠራዊት እየተከተሉ የሚመገቡ ወፎች ከትንንሾቹ ቁራጮች በፍጥነት ጠፉ፤ የጉንዳኑ መንጋ በአንድ ሄክታር ደን አይኖርምና።

በእኛ አገር ለዚህ ቅርብ ምሳሌው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር በእነዚህ ደኖች ላይ ለዓመታት ሠርተዋል፤ በደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ በማድረግም ይታወቃሉ። ካቡ የሚጠብቀው ጠርዙን ነው። ከብት ሲታገድ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ችግኝ መውጣት ይጀምራል፣ ደኑም ተተኪ ያገኛል። እነዚህ ደኖች ባይኖሩ ኖሮ በብዙ ወረዳዎች ጽድና ወይራ ምን እንደሚመስሉ የሚያውቅ ልጅ አናገኝም ነበር። ሆኖም አብዛኞቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ ናቸው፣ በማሳ ባሕር ውስጥ ያሉ ደሴቶች ናቸው። ወፍ ከአንዱ ወደ አንዱ ይበር ይሆናል፣ በሆዱም ዘር ያደርሳል። የደኩላና የጦጣ ነገር ግን ይለያል፤ መሀሉን ማቋረጥ አለባቸው። ባሕር ዛፍ ይህን ክፍተት የሚሞላ የሚመስለው ሰው አለ። ለማገዶ፣ ለቤት ሥራና ለገቢ ትልቅ ጥቅም እንዳለው አልክድም፤ ነገር ግን ከሥሩ ሣርና ቁጥቋጦ እምብዛም ስለማይኖር ለአብዛኛው የአገሬው እንስሳ መሸጋገሪያ አይሆንም። አረንጓዴ ሆኖ የታየ ሁሉ ደን አይደለም።

ከእነዋሪ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ መንዝ ውስጥ፣ ይህን ትምህርት በሙሉ የያዘ ቦታ አለ። ጓሳ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል የውርጭ አገር ነው። ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ ከሚሆነው ረጅም ሣር ነው። የመንዝ ሰው ይህን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ጠበቀው። ከአስቦና ከጌራ ዘር የሚቆጠሩ ሰዎች አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። ሣሩ ለዓመታት፣ አንዳንዴ ለ3 እስከ 5 ዓመት፣ ይዘጋል፤ ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አይነዳም። ሲበቃ በአለቃው ትእዛዝ ይከፈታል፤ ዝናብ ሲመጣ ተመልሶ ይዘጋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ይህ በዘር ላይ የቆመ መብት አከተመ። አዋጁ ለጭሰኛው ያመጣለትን ነገር ማንም አያሳንሰውም። ጓሳ ግን ባለቤት አጣና ሁሉም እንደ ልቡ የሚገባበት ሆነ። በኋላ ማኅበረሰቡ ከየቀበሌው ኮሚቴ መርጦ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ ጥበቃውን መልሶ ጀመረ፤ ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ ሆኖ በሕግ ይታወቃል።

ሣሩን ለቤት ክዳን የጠበቁ ሰዎች ሳያስቡት ቀይ ቀበሮን ጠበቁ። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 በታች ነው የቀረው፤ ሁሉም ያሉት በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ነው። የሚበላው አይጥ ነው፤ አይጡ የሚኖረው ሣሩ ውስጥ ነው። ጓሳ ላይ ጭላዳና ቀይ ቀበሮን የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጽሑፍ አንድ አስደናቂ ነገር ዘግበዋል። ቀበሮው ከሚግጥ የጭላዳ መንጋ መሀል ገብቶ ሲያድን ከመቶ ሙከራው 67 ያህሉ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 ያህሉ ብቻ። ጭላዶቹም ግልገሎቻቸውን ይዘው ከጎናቸው ሲያልፍ አይሸሹም፤ እሱም ግልገሎቹን አይነካም። ሰፊ የሣር አገር ባይኖር መንጋው አይሰፋም፣ ቀበሮውም መሀሉ አይገባም። ሣሩ ሲቆራረጥ ከእንስሳቱ ቁጥር በፊት የሚጠፋው እንዲህ ያለው የእርስ በርስ ኑሮ ነው።

ከዚህ ተቃራኒው የሆነውም እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው። ጎሽ ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ ነበር፤ ዛሬ የለም። በጎጃም ጮቄ ተራራም ነበር፤ ዛሬ የለም። ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው የኢትዮጵያ መሬት ከግማሽ በላዩ ታርሷል። ገብሱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ቀበሮው ከተራራው ጫፍ ላይ እየጠበበ ሄደ። ትንሽ ጫፍ ላይ የቀሩ ጥቂት ቀበሮዎች አንድ ክፉ ዓመት፣ አንድ የእብድ ውሻ በሽታ ይበቃቸዋል፤ ሲያልቁ ደግሞ ከሌላ ተራራ መጥቶ የሚተካቸው የለም፣ መሀሉ ሁሉ ማሳና መንደር ነውና።

በሽታውን ስላነሣሁ ስለ ባሌ አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በወብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ከሸለቆው ቀበሮዎች ወደ ሦስት አራተኛ የሚሆኑትን ፈጀ። በሽታው የመጣው ከውሻ ነው። ወደ ሌሎቹ ቀበሮዎች የሚያደርሰው መንገድ ጠባብ መተላለፊያ ስለነበር ባለሙያዎቹ በእነዚያ መተላለፊያዎች ላይ ያሉትን ቀበሮዎች ከተቡ፣ ወረርሽኙም አልዘለቀም። መተላለፊያ በሽታም ያሳልፋል ማለት ነው፤ የት እንዳለ ካወቅነው ግን በሽታውን የምናቆመው እዚያው ላይ ነው።

ጠርዝን ሁሌ እንደ ጠላት ማየትም ትክክል አይደለም። የአንኮበር ገደል አፋፍ ላይ የምትኖር አንዲት ትንሽ ቡናማ ወፍ አለች። እ.ኤ.አ. በ1976 ጆን አሽ የተባለ ተመራማሪ እስኪያገኛት ድረስ የሳይንስ ሰዎች አያውቋትም ነበር። ገደልና የተገለጠ መሬት የሚገናኙበትን ቦታ ትወዳለች። እንዲያውም ከእነዋሪ ቁልቁል፣ ጀማ ሸለቆ ውስጥ፣ እንዲህ ያለች ሌላ ወፍ አለች፤ በስሟ የሃርውድ ቆቅ የምትባለው። ብላንዴልና ሎቫት የተባሉ ብሪታንያውያን መንገደኞች እ.ኤ.አ. በ1899 ለሳይንስ አስተዋወቋት። ከአባይና ከገባሮቹ ሸለቆዎች ውጭ በዓለም ላይ የለችም። በወንዝ ዳር ፊላና ቁጥቋጦ ውስጥ ትደበቃለች፣ ማሽላው ማሳ ወጥታ ትለቅማለች፣ ሲመሽ ረጅም ዛፍ ላይ ታድራለች። ሦስቱም በአጭር ርቀት ውስጥ መገኘት አለባቸው። ፊላው ታጭዶ ካለቀ፣ የወንዙ ዳር ዛፍ ከተቆረጠ፣ ማሽላው ብቻውን አያኖራትም። ጀማ የእናንተ ወንዝ ነው፤ ይህችን ቆቅ ለማየት ከባሕር ማዶ ሰዎች እየመጡ ነው፣ የጅሩ ተማሪ ግን ስሟን እንኳ የሰማ አይመስለኝም። ይህ ያሳዝነኛል፤ በየትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክፍል ግድግዳ ላይ ሥዕሏ መሰቀል ይገባው ነበር።

ወደ ሜዳው ልመለስ። ኩታ ገጠም እርሻ ለጅሩ ብዙ ነገር አድርጓል፤ ምርጥ ዘር፣ ትራክተርና ኮምባይነር በጋራ ለማግኘት አስችሏል። ግን ማሳ ከማሳ ሲያያዝና ሁሉም አንድ ዝርያ ሲዘራ መልክዓ ምድሩ አንድ ወጥ ይሆናል። ይህ ለአውሬ ብቻ ሳይሆን ለስንዴውም አደጋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ኩብሳ የተባለው ዝርያ በቢጫ ዋግ፣ በ2013 እና በ2014 ደግሞ ዲገሉ በግንድ ዋግ የተመቱት በሰፊው ተዘርተው ስለነበር ነው። ዋግ በነፋስ ነው የሚሄደው፤ ከፊቱ ያው ዝርያ ሲያገኝ አይቆምም። በአንድ ኩታ ገጠም ውስጥ ባይሆን እንኳ ከአንዱ ኩታ ገጠም ወደ ሌላው ዝርያውን መለወጥ፣ በመሀል ባቄላና ምስር ማስገባት ገበሬውንም ይጠቅማል።

የማሳ ወሰን ላይ ያለ ሣርና ካብ ይጠበቅ ስል ደግሞ «አይጥ ይራባበታል» የሚለኝ ገበሬ ትክክል ነው። በትግራይ የተደረገ ጥናት የድንጋይ እርከን በበዛበት ማሳ አይጥ እንደሚበዛ አሳይቷል። ስለዚህ ወሰኑ ሁሉ ዱር ይሁን አልልም። ጭልፊት የሚያርፍበት ዛፍ በየተወሰነ ርቀት ቢቀር አይጡን ይለቅማል፤ ሙሉ መፍትሔ ግን አይደለም። ስለዚህ ከወሰኑ ይልቅ አፋፉን አስቀድማለሁ።

አፋፉን መከለል ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የጅሩ ሰንጋ አዲስ አበባ ድረስ ስሙ የተጠራው ሜዳ ላይ ተለቆ አይደለም፤ ቤት ታስሮ፣ ገለባና ድርቆሽ በእጅ እየቀረበለት ነው። ከብትን አስሮ መቀለብን እንደ ጅሩ የሚያውቅ አገር ጥቂት ነው። ያው ልማድ ወደ አፋፉ ሣር ቢሻገር፣ ማለትም ከብት ሳይገባበት ሣሩ በወቅቱ ታጭዶ ለየድርሻው ቢከፋፈል፣ የጓሳ ቄሮ ሥርዓት በትንሹ እዚህ ሠራ ማለት ነው። የሣሩ መስመር ከገደሉ ጋር ተያይዞ ሳይቆራረጥ መቀጠል አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ ሃምሳ ሜትር ከሰፋ በኋላ ግማሽ ኪሎ ሜትር ከተቋረጠ ጭላዳው በመሀሉ ማሳ ያገኛል። ከማሳው የሚወርደው ውሃም በሣር በተሸፈነ መውረጃ ወደ ገደሉ ቢወርድ ቦረቦሩ ይቆማል፤ ያው መውረጃ ለዝዬዋና ለሌሎቹ ወፎች እርጥብ ሣር ይሆናል፤ በየመንገዱ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ደኖችንም ከገደሉ ቁጥቋጦ ጋር ያገናኛል። ዳሩ ላይ ወይራ፣ ቀጋና ክትክታ ቢቀር ደግሞ የተሻለ ነው።

አፋፉ ላይ ያለው መሬት አንዳንዱ የወል፣ አንዳንዱ በግል ደብተር የተያዘ ነው። በግል የተያዘውን ተከልሎ ይቀመጥ ስንል ገበሬው የሚያጣውን በሣር ድርሻ ወይም በሌላ መንገድ ማካካስ ግድ ነው፤ ያለዚያ ነገሩ ፍትሕ አይሆንም፣ አይዘልቅምም። የወል ከሆነው መጀመር ይቀላል። ዘንድሮ እህሉ ከተነሣ በኋላ ሽማግሌዎች፣ ካህናትና የግብርና ባለሙያዎች አፋፉን በእግር ዞረው ሣር የቀረበትን፣ የታረሰውን፣ ቦረቦር የገባበትንና ጭላዳ የሚወጣበትን በር በወረቀት ቢያሰፍሩ የመጀመሪያው ሥራ ተሠራ ማለት ነው፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ቢከተሏቸው እወዳለሁ።